ምሽጉ ውስጥ ሥራ ሲቆም፦ የድዋርፍ ፎርትረስ ክፍል አቀማመጥ ችግርና መፍትሄ

ድዋርፍ ፎርትረስን (ድዋርፍ የሚባሉ ድንክዬዎችን እያዘዙ ምሽግ የሚሠሩበትን የኮምፒውተር ጨዋታ) የሚጫወት የሐረር ልጅ ይዋል ይደር እንጂ ጁገልን መሥራቱ አይቀርም። ግንቡ፣ አምስቱ በሮች፣ በውስጡ የተጠላለፉት ጠባብ መንገዶች፣ ሁሉም ስክሪን ላይ ያምራሉ። (ጨዋታው መጀመሪያ የወጣው ጁገል በዩኔስኮ መዝገብ በሰፈረበት በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ግጥምጥሞሹ ደስ ይላል።) በ7 ድዋርፍ የተጀመረው ምሽግ 80 ሲሞላ ግን ሥራው ቀጥ ይላል። ያኔ ብዙ ሰው ድዋርፎቹን በስንፍና ይከሳል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ካርታውን ነው።

ምልክት፦ ኮሪደርና ደረጃ ላይ ይርመሰመሳሉ፣ ዕቃ በጊዜው አይደርስም

ምክንያቱ ጥበት ነው። ጁገል ውስጥ ሁለት ሰው ጠባብ መንገድ ላይ ቢገናኝ ትከሻውን አዘንብሎ ይተላለፋል። ድዋርፍ ይህን አያውቅም። ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ አንዱ መሬት ላይ ይተኛና ሌላው በላዩ ያልፋል፤ የተኛው እየዳኸ ስለሚወጣ ከኋላው ያለው ሰልፍ ይዘገያል።

ዋናውን ኮሪደር 3 ካሬ (ካሬ የምለው ካርታው የተከፋፈለበትን አንድ ሳጥን ነው) አስፉት፣ መሀል ደረጃውንም 3 በ3 አድርጉት። ወደ መኝታ ቤት የሚገቡት ቅርንጫፎች 1 ካሬ ቢሆኑም አይጎዱም፤ ጁገልን የሚመስል ነገር ከፈለጋችሁ ቦታው እዚያ ነው። ከካርታው ጠርዝ እስከ ንግድ ጣቢያው (ራሱ 5 በ5 ነው) ያለው መንገድም 3 ካሬ ስፋት ይፈልጋል፣ ደረጃና ወጥመድም ሊኖርበት አይገባም። አለዚያ ጋሪ አይገባላችሁም፤ ነጋዴው በጭነት እንስሳ የቻለውን ያህል ብቻ ይዞ ይመጣል።

ምልክት፦ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፣ የሚያልቅ ሥራ ግን የለም

አብዛኛው ምሽግ የሚታመመው በዚህ ነው። አንድ አናጢ ምረጡና በዓይናችሁ ተከተሉት። ግንድ ሊያመጣ 12 ፎቅ ወደ ላይ ይወጣል፣ ተሸክሞ ይወርዳል፣ አልጋውን ይሠራል፤ ቀጥሎ ሌላው መጥቶ አልጋውን ወደ ሩቁ መጋዘን ይወስዳል። ሥራው ራሱ አጭር ነው፤ ቀኑን የሚበላው እግር ነው።

ከተማ ያደግን ሰዎች ስናቅድ ጎን ለጎን እንደረድራለን፤ የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈርም እንዲሁ ነው የተዘረጋው። እዚህ ጨዋታ ውስጥ ግን አንድ ፎቅ መውረድ አንድ እርምጃ ነው። 20 ካሬ ርቆ ካለ መጋዘን ከወለሉ ሥር ያለው እጅግ ይቀርባል። ስለዚህ 3 በ3 የሆኑትን ዎርክሾፖች በደረጃው ዙሪያ ሰብስቡ፣ ጥሬ ዕቃቸውን ልክ ከሥራቸው ባለው ፎቅ አስቀምጡ፣ የደረሰውን ዕቃ ከላይ።

አንድ ወጥመድ አለ። ድዋርፍ ዕቃ ሲመርጥ የሚያየው ቀጥታ ርቀቱን እንጂ የሚሄድበትን መንገድ አይደለም። ከግድግዳው ማዶ ያለ ድንጋይ "ቅርብ" ይባልና ግማሽ ምሽግ ዞሮ ያመጣዋል። መፍትሄው መጋዘኑን ከዎርክሾፑ ጋር ማያያዝ ነው። ካያያዛችሁ በኋላ ግን ዎርክሾፑ ካልተያያዘ ቦታ ምንም አይወስድም። መጥመቂያውን ከእህሉ መጋዘን ጋር አያይዛችሁ ባዶ በርሜል ያለበትን ከረሳችሁ፣ እህሉ ሞልቶ እያለ መጥመቁ ይሰረዛል። መጠጥ ያጣ ድዋርፍ ደግሞ ሥራውም ይንቀራፈፋል፣ ጸባዩም ይበላሻል።

ምልክት፦ ሐምራዊ ጭስ ኮሪደሩን ሞላው

ከመሬት በታች ሥጋ በስብሷል። ልኳንዳውንና ቆሻሻ መጣያውን ሰማይ በሚያይ ቦታ አድርጉ፣ ወይም በር ግጠሙላቸው። በሩ ላይ የወደቀ ዕቃ ክፍት አድርጎ እንደሚያስቀረው አትርሱ።

ምልክት፦ ጨዋታው ራሱ ተንቀራፈፈ

ድሬዳዋ በግንቦት ላፕቶፕ ላይ የሚጫወት ሰው መጀመሪያ ሙቀቱን ይጠርጥር። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ያዘገያል፣ ይህ ጨዋታ ደግሞ ከግራፊክስ ካርድ ይልቅ የሚንጠለጠለው ፕሮሰሰር ላይ ነው። ማራገቢያ ሥር አድርጋችሁም ካልተሻለው፣ ጫናው የመንገድ ፍለጋ (ጨዋታው እያንዳንዱ ድዋርፍና እንስሳ የሚሄድበትን መንገድ ማስላቱ) ሊሆን ይችላል። ትርፍ የሆኑትን እንስሳት የእንስሳት ቀፎ (ኬጅ) ውስጥ ክተቱ ወይም እረዱ፣ የማትጠቀሙበትን ዋሻ ድፈኑ። ከዚያ ድዋርፎቹ የቱን መንገድ እንዲመርጡ የሚነግረውን የመንገድ ምልክት ተጠቀሙ፦ ተራ ካሬ ዋጋው 2 ነው፣ ተመራጩ 1፣ የተከለከለው 25። "የተከለከለ" ቢባልም በሩን አይዘጋም፤ ሌላ መንገድ ሲያጡ ያልፉበታል። ምልክቱን ካርታው ላይ እንደ ቀለም አትርጩት፤ መጨረሻቸው የተዘጋ መተላለፊያዎችን ምልክት ማድረግ ይበቃል። የሕዝብ ብዛት ጣሪያውንም ከሴቲንግ ዝቅ ማድረግ ነውር የለውም። እኔ 80 ላይ ነው የማቆመው፣ ከዚያ በላይ ስማቸውንም አላውቀው።

ምልክት፦ ለጉድጓድ ብላችሁ ከወንዝ ያመጣችሁት ውሃ መኝታ ቤት ገባ

ግፊት ነው። ከወንዝ ወርዶ በቦይ የመጣ ውሃ ክፍት ካገኘ ወደ ወንዙ ከፍታ ተመልሶ ይወጣል። ቦዩን አንድ ቦታ ላይ በሰያፍ ብቻ እንዲያልፍ አድርጋችሁ ቆፍሩት፤ ግፊት በሰያፍ አይተላለፍም። ከዚያ በፊት የውሃ መዝጊያ በር ግጠሙና ከማንሻ (ሌቨር) ጋር አያይዙ፤ ለማያያዣው 2 ሜካኒዝም ይፈጃል። ማንሻውን ብዙ ሰው ከሚውልበት ክፍል አጠገብ ትከሉት፤ የሚጎትተው ሰው እስኪደርስ ውሃው አይጠብቅም።