የቪትዝ ስፔሰር መንቀጥቀጥ በቶርኖ ቀለበት ተፈታ

ቪትዜ ላይ ሰፋ ያለ የፊት ጎማ ሳስገባ ከውስጥ በኩል ሾክ አብዞርበሩን መንካት ጀመረ። 15 ሚሊሜትር ስፔሰር ገዛሁ፤ ማለትም በመኪናውና በቸርኬው መሃል በራሱ ዳዶዎች ታስሮ ጎማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ወፍራም ክብ ሳህን። ቡሎኖቹ ልክ ገቡ። ፍጥነቱ 80 ሲያልፍ ግን መሪው ይንቀጠቀጣል። ባላንስ አሠራሁ፤ ወይ ፍንክች!

ጣጣው መሃሉ ላይ ነበር። የቪትዝ ሃብ፣ ማለትም ቸርኬው መሃል የሚገባው ክብ ጉብታ፣ 54.1 ሚሊሜትር ነው። የስፔሰሩ ቀዳዳ ደግሞ 60.1። ዙሪያውን 3 ሚሊሜትር ክፍተት አለ። ጎማው ከመሃል ትንሽ ወጣ ብሎ ይታሰራል። ይህን ባላንስ አያስተካክለውም።

ቶርኖ ቤት ሄጄ የአልሙኒየም ቀለበት አሠራሁ። ውጩ ስፔሰሩ ውስጥ ጠበቅ ብሎ ይገባል። ውስጡ 54.2 ነው፤ ሃቡ ላይ በእጅ ገፋ ሲያደርጉት ይቀመጣል። በሌላው ጫፍ 54 ሚሊሜትር አንገት አስተረፍኩ፤ ቸርኬው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የቀለበቱ የውስጥ ጥልቀት ከሃቡ ጉብታ ርዝመት ቢያንስ በ1 ሚሊሜትር ይብለጥ። አለበለዚያ ቀለበቱ ስፔሰሩን ያንሳፍፈዋል። ዳዶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም፤ ይሄ አደገኛ ነው። የፕላስቲክ ቀለበትም አለ፤ እኔ ግን ፍሬን አጠገብ ፕላስቲክ አላምንም።

ሃቡን በሽቦ ብሩሽ ከዝገት አጽድቼ ገጠምኩት። ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ተራ በ103 ኒውተን ሜትር አሰርኩ። መንቀጥቀጡ ጠፋ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። የስፔሰሩ ዳዶዎች ከቸርኬው ጀርባ ስለሆኑ ጎማውን ሳያወጡ አይደረስባቸውም።