አጋዘን ጠረናችሁን እየያዘ ሲያመልጥ፦ ችግርና መፍትሄ

የሰውን ጠረን ጨርሶ የሚያጠፋ ሳሙናም ሆነ ልብስ የለም። ትንፋሽ፣ ላብና ከቆዳ የሚረግፍ ብናኝ ያለማቋረጥ ይወጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው የነፋሱ አቅጣጫ ነው፤ ቀጥሎ የእግር መንገድ፤ እጥበትና ጠረን ማጥፊያ መርጫ መጨረሻ ይመጣሉ። ብዙ አዳኝ ይህን ገልብጦ ገንዘቡን መርጫ ላይ ያፈሳል።

አጋዘኑ ሲመጣ ቆይቶ ቀጥ ይላል፤ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ያሸትና ይፈረጥጣል

መጀመሪያ ጠረን መሆኑን ለዩ። በዓይኑ የተጠራጠረ አጋዘን አንገቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ያፈጣል፣ በፊት እግሩ መሬቱን ይመታል፣ ብዙ ጊዜም ለማሽተት ዞሮ ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ይመጣል። ጠረን በደንብ የያዘ ግን ማጣራት አያሻውም፤ በአፍንጫው በኃይል ተንፍሶ ይሄዳል።

ምክንያቱ ነፋሱ ከእናንተ ወደ እሱ መንፈሱ ነው። በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሽታ የሌለው ዱቄት ይዛችሁ በየጊዜው እፍ አድርጉ። ዱቄቱ ጥቂት ሜትር ሄዶ ከዓይን ስለሚጠፋ የጥጥ ብናኝ ወይም በነፋስ የሚበር የዘር ጸጉር ጨምሩበት፤ ራቅ ብሎ አየሩ የት እንደሚጠመዘዝ ያሳያል። ነፋሱ መንገዱን አቋርጦ ወደ ጎን የሚወስድበት ቦታ ምረጡ። ያረጁ ወንድ አጋዘኖች ነፋስን ተጠቅመው ስለሚጓዙ፣ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ከነፋሱ ጋር ይመጡልናል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። አቅጣጫው ከተገለበጠ ተነሱና ሂዱ። አንድ ቀን ቢባክን ይሻላል፤ የተጠረጠረ ማድፈጫ ለብዙ ቀን ይበላሻል።

ነፋሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ጠዋት ወይም ማታ ብቻ ትያዛላችሁ

ይህ የተዳፋት አየር ሥራ ነው፤ በተለይ ነፋስ ደካማ በሆነ ቀን። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ምሽት ሲቀዘቅዝ ከብዶ ቁልቁል ይፈስና ሸለቆና ጅረት ውስጥ ይጠራቀማል። ማታ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ አዳኝ ጠረኑን ታች ለሚግጡት ሁሉ ይልካል። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ተዳፋቱን ካሞቀችው በኋላ ከመንገዱ በላይ፣ ምሽት ከመንገዱ በታች ተቀመጡ። ፀሐይ ገና ሳትወጣ ጠዋትም ቢሆን አየሩ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሸለቆ ወለል ላይ አየር ስለሚሽከረከር ቢቀር ይመረጣል።

አጋዘኑ እናንተ የሄዳችሁበትን ዱካ ሲያገኝ ይቆማል

ጠረኑ መሬትና ቅጠል ላይ ቀርቷል። የቆዳ ጫማ ሽታ ይመጥጣል፤ የጎማ ቦቲ ይሻላል። ቦቲውን መኪና ውስጥም ሆነ ነዳጅ ማደያ አታድርጉት፤ አደን ቦታው ስትደርሱ ቀይሩ። ቅርንጫፍ በባዶ እጅ አትግፉ። ከሁሉ በላይ አጋዘኑ የሚመጣበትን መንገድ አታቋርጡ፤ መዞሩ ቢረዝምም ዙሩ።

ልብሱ ታጥቦም ይሸታል

ከእነዚህ አንዱ ይሆናል፦ ሽቶ ያለው ሳሙና፣ ማለስለሻ፣ ማድረቂያ ማሽኑ ውስጥ የቀረ ሽታ፣ ወይም በመንገድ ላይ ያላባችሁት። ሽታና ማድመቂያ በሌለው ሳሙና እጠቡ፤ ማድመቂያው ልብሱን በሰማያዊ ብርሃን ያበራዋል፣ አጋዘን ደግሞ ያንን ብርሃን በደንብ ያያል። ውጭ አድርቁና በሚዘጋ የፕላስቲክ ሣጥን አስቀምጡ። ወደ ማድፈጫው ስትሄዱ ቀለል ያለ ልብስ ልበሱ፤ ወፍራሙን ጃኬት በቦርሳ ያዙ፤ ቀደም ብላችሁ ተነስታችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ሳያልባችሁ መድረስ ከማንኛውም መርጫ ይበልጣል።

ቤት የሚሠራ መርጫ፦ 500 ሚሊ ሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 500 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ ሩብ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 30 ሚሊ ሊትር ሽታ አልባ ሻምፑ። ቀስ ብላችሁ አዋህዱና ክዳኑን ሳታጠብቁ ጨለማ ቦታ አኑሩት። ጋዝ ስለሚወጣው አጥብቆ የተዘጋ ጠርሙስ ሊፈነዳ ይችላል። ቀለም ሊያነጣ ስለሚችል በልብሱ ጫፍ ሞክሩት፤ ዓይን እንዳይነካ።

መሸፈኛ ሽታ ረጭታችሁም ተይዛችኋል

አጋዘን ጥድንና ሰውን በአንድ ጊዜ ለይቶ ያሸታል፤ አንዱ ሌላውን አይደብቅለትም። ሽታ ቢያስፈልግ እዚያው ከሚበቅል ቅጠልና አፈር ልብሱ ላይ አሹ። የአጋዘን ሽንት ያለባቸው ምርቶች ፕሪዮን በሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ምክንያት የሚመጣውን የአጋዘን በሽታ ሊያዛምቱ ስለሚችሉ በአንዳንድ አካባቢዎች ተከልክለዋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት የአካባቢውን የአደን ደንብ ተመልከቱ።