የአምቡላንስ ፎርም ላይ ሰዓት በትክክል ለመሙላት

ፎርሙ ላይ «1:10» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ጠዋት ነው? ማታ ነው? ወይስ ጸሐፊው ስልኩ ላይ 01:10 አይቶ፣ ማለትም ከሌሊቱ 7:10 ሆኖ፣ እንዳለ ገለበጠው? ስለዚህ መጀመሪያ በአንድ አቆጣጠር ተስማሙ። በኛም ይሁን በፈረንጅ፣ ጣቢያው በወሰነው ሂዱ፤ አንድ ፎርም ላይ ግን አትቀላቅሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የ24 ሰዓቱ ይሻላል። 14:40ን ማንም ከሌሊት ጋር አያምታታውም። በኛ ከጻፋችሁ «ጠዋት»፣ «ማታ» ወይም «ሌሊት» የምትለዋን ቃል አትዝለሉ።

የሌሊት ጥሪ ላይ ቀኑም ጣጣ አለው። ስልኩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀን ይቀይራል፣ እኛ ደግሞ እስኪነጋ የትናንቱ ሌሊት ነው እንላለን። ፎርም ላይ ስልኩን ተከተሉ።

የመኪናው ዳሽቦርድ፣ የእጅ ሰዓታችሁና የሞኒተሩ (የበሽተኛውን ልብ ምት የሚያሳየው መሣሪያ) ሰዓት እርስ በርስ አይስማሙም። ተረኛ ስትገቡ ሁሉንም ከስልክ ጋር አስተያዩ። ሞኒተሩን ማስተካከል ካልቻላችሁ «ሞኒተሩ 4 ደቂቃ ይቀድማል» ብላችሁ ጻፉ፣ አለቀ።

ጥሪው የገባበት ሰዓት በአምቡላንስ መጥሪያ ቁጥሮቹ 907 ወይም 939 ላይ ስልኩን ያነሳው ሰው የመዘገበው ነው እንጂ እናንተ የሰማችሁበት አይደለም። ከጣቢያ የተነሳችሁበት ደግሞ ጎማው የተንቀሳቀሰበት ነው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ግን ቦታው መድረስንና በሽተኛው አጠገብ መድረስን እንደ አንድ ቆጥሮ ነው። መኪናው ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ቆሟል፣ በሽተኛዋ 4ኛ ፎቅ ናት፣ ሊፍት የለም፣ ኦክስጅኑንና ቃሬዛውን ተሸክማችሁ ነው የምትወጡት። እነዚያ ደቂቃዎች ለብቻቸው ካልተጻፉ ሕክምና ያዘገያችሁት እናንተ ትመስላላችሁ። ሆስፒታልም እንዲሁ ነው፤ በሩ ጋ ደርሳችሁ «አልጋ የለም» እየተባለ የቆማችሁበት ጊዜ የሚታወቀው የደረሳችሁበትና የተረካከባችሁበት ሰዓት ተለያይተው ሲጻፉ ነው። የርክክቡን ሰዓት ነርሷ ፊት ጻፉና አስፈርሙ።

ስትሮክ (ወደ አንጎል የሚሄደው ደም መቋረጥ ወይም አንጎል ውስጥ መድማት) ከጠረጠራችሁ ደግሞ «መቼ ጀመረው?» ብቻ አትበሉ። «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ያየው ማነው? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠዋት ሲነሳ አፉ ተጣሞ ከተገኘ፣ የምትጽፉት የነቃበትን ሳይሆን ማታ ደህና ሆኖ የተኛበትን ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ ይቺ ቁጥር ከሌላው ሁሉ ትበልጣለች። ቤተሰብ «ልክ አዛን ሲል» ወይም «ዜና ሲጀምር» ብሎ ከመለሰላችሁ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ እዚያው አብራችሁ ወደ ሰዓት ቀይሩት። ቱርኒኬት (እጅ ወይም እግር ላይ ጠብቆ የሚታሰር ደም ማስቆሚያ) ካሰራችሁም የታሰረበትን ሰዓት ፎርሙም ላይ፣ ማሰሪያውም ላይ ጻፉ።

ልቡ የቆመ ሰው ደረት እየተጫናችሁ እስክሪብቶ አይነሳም፣ ይገባኛል። ግን ልብ ሲቆም የሚወጋው አድሬናሊን በየ3 እስከ 5 ደቂቃው ሲሰጥ በኋላ በትዝታ የሚሞላ ነገር አይደለም። ጭናችሁ ላይ ፕላስተር ለጥፉና ደቂቃዋን ብቻ ጫር አድርጉ። የኛና የፈረንጁ ልዩነት 6 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ደቂቃው በሁለቱም ያው ነው፣ ሰዓቱን በኋላ ታሟሉታላችሁ። ሾፌሩ ወደ ማዕከሉ ከደወለም የደወለበት ሰዓት ስልኩ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ገልብጡ።

8:00፣ 8:05፣ 8:15፣ 8:30… ሁሉም በ0 እና በ5 ካለቀ፣ የተረኝነቱ ማብቂያ ላይ ተቀምጦ የተሞላ እንደሆነ አለቃችሁ ገና ሲያየው ያውቃል። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን «በግምት» በሉት፣ ነውር የለውም። ስትሳሳቱ በፍሉድ አትሸፍኑ፣ ቁጥሩን ደርባችሁም አታድምቁ። የድሮው እንዲነበብ አንድ መስመር ብቻ ሰርዙበት፣ ትክክለኛውን ጎኑ ላይ ጻፉ፣ ፈርሙበት፣ ያረማችሁበትንም ሰዓት ጨምሩ።