ቤት አካባቢ የሚታይን ግዙፍ ተርብ እንዴት መለየት ይቻላል

ግዙፍ ተርብ በመስኮት ሲገባ ሁሉም ሰው አስቀድሞ የሚያስበው አደገኛነቱን ነው። የሰውነቱ ትልቅነት ግን ስለ አደገኛነቱ ብዙ አይናገርም። ከትልልቆቹ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩና ካልተያዙ ወይም ካልተረገጡ የማይናደፉ ናቸው። ጎጆውን ለመከላከል በመንጋ የሚነሣው ደግሞ ከእነሱ በመጠን ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መታየት ያለበት ወገቡ፣ ክንፉ፣ ቀለሙ የት የት እንዳረፈ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ነው።

1. ይራቁ፣ ከዚያ ይለኩ

ጎጆ አለ ብለው ከጠረጠሩ ቢያንስ አምስት ሜትር ይራቁ፤ ተርቦቹ በሚመላለሱበት መስመር ላይም አይቁሙ። የሣር ማጨጃ ማስነሣት፣ ግድግዳ መደብደብ ወይም ቅርንጫፍ ማወዛወዝ የሚፈጥረው ንዝረት ጥቃት እንደመጣባቸው ይነግራቸዋል። ጎጆው አጠገብ አንዱን መጨፍለቅ ደግሞ ይብሳል፤ ከመርዙ ጋር የሚወጣው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል።

ሳይጠጉ በስልክዎ ካሜራ አጉልተው ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ፎቶ ያንሡ። ርዝመቱ የሚለካው ከግንባሩ እስከ ሆዱ ጫፍ ነው፤ አንቴና፣ እግርና ክንፍ አይቆጠሩም። በድንጋጤ የተገመተ ርዝመት ከእውነተኛው በእጅጉ ይበልጣል፤ ስለዚህ ያረፈበትን ጡብ ወይም ቅጠል ልብ ይበሉና ተርቡ ከሄደ በኋላ እሱን በማስመሪያ ይለኩ። ሞቶ ካገኙት በወረንጦ ያንሡት እንጂ በጣትዎ አይንኩት። ከሞተ በኋላም ለጥቂት ጊዜ መንደፊያው ሊወጋ ይችላል።

2. በእርግጥ ተርብ ነው?

ክንፎቹን ይቁጠሩ። ተርብ አራት ክንፍ አለው፤ ዝንብ ሁለት ብቻ። ቢጫና ጥቁር ለብሰው ተርብን የሚመስሉ ትልልቅ ዝንቦች አሉ፤ አንቴናቸው በጣም አጭር፣ ዓይናቸው ደግሞ አብዛኛውን ጭንቅላት የሸፈነ ነው። እነዚህ ፈጽሞ አይናደፉም።

ቀጥሎ ወገቡን ይመልከቱ። ደረቱና ሆዱ ያለ ቅጥነት ከተያያዙና ከኋላው ረጅም ቀጥ ያለ መርፌ ከወጣ፣ ያዩት እንጨት ውስጥ እንቁላል የሚጥል ነፍሳት ነው። እስከ 4 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ከማገዶ ወይም ቤት ከተሠራበት አዲስ እንጨት በስቶ ሲወጣ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። መርፌው እንቁላል መጣያ ብቻ ስለሆነ ሰውን አይናደፍበትም።

3. ብቻውን የሚኖር ነው ወይስ መንጋ አለው?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ይስጡት። ከሩቅ ሆነው ለ15 ደቂቃ ያህል ይመልከቱ። በአንድ ቀዳዳ በተከታታይ የሚገቡና የሚወጡ ከሆነ ውስጥ መንጋ አለ። አንድ ተርብ ብቻ ጭቃ ወይም የታደነ ነፍሳት ተሸክሞ የሚመላለስ ከሆነ ግን ብቸኛ ነው።

ክር የመሰለ ረጅም ወገብ ያለውና ግድግዳ ላይ የጭቃ ቱቦ የሚሠራው ተርብ ሸረሪት አዳኝ ነው። ሸረሪቶቹን አደንዝዞ ለእጮቹ ምግብ በቱቦው ውስጥ ያሽጋቸዋል እንጂ ቤቱን ለመጠበቅ ሰው አያሳድድም። ሰውነቱ ሰማያዊ የተቀላቀለበት ጥቁር፣ እግሩ ረጅም ሆኖ ክንፉን እያርገበገበ መሬት ላይ የሚሮጠውም ሸረሪት አዳኝ ነው፤ ከያዙት ንድፊያው እጅግ ያማል፣ ከተዉት ግን መንገዱን ይቀጥላል። በአሜሪካ አህጉር አሸዋማ መሬት እየቆፈረ ሲካዳ የሚባለውን በዛፍ ላይ የሚጮህ ነፍሳት የሚያድነው ተርብ 4 ሳንቲሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሰው ላይ እየበረሩ የሚያስፈራሩት ወንዶቹ ናቸው፤ መንደፊያ ግን የሴቶች ብቻ ነው።

ከጣራ ጠርዝ ሥር በአንድ ቀጭን ዘንግ የተንጠለጠለ፣ ቀዳዳዎቹ ወደ ታች ክፍት የሆኑ፣ ጃንጥላ የመሰለ ትንሽ ጎጆ ካዩ ደግሞ ባለቤቶቹ ሲበሩ እግራቸውን የሚያንጠለጥሉት ቀጫጭን ተርቦች ናቸው። መንጋቸው ትንሽ ነው፤ ጎጆው ሲነካ ግን ይናደፋሉ።

4. የቬስፓ ወገን ከሆነ

ግዙፎቹ የመንጋ ተርቦች ቬስፓ የሚባለው ወገን ናቸው። ከዓይናቸው ኋላ ያለው የጭንቅላት ክፍል ከሌሎች ተርቦች ይልቅ ሰፊ ነው፤ ሲያርፉም ክንፋቸውን በርዝመቱ ያጥፋሉ። የታኘከ እንጨት ይዘው ወረቀት የመሰለ ጎጆ ይሠራሉ።

ቬስፓ ኦሪየንታሊስ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በደቡብ አውሮፓ ይገኛል። መላ ሰውነቱ ቀይ ቡናማ ነው፤ ፊቱና በሆዱ ላይ ያለው ሰፊ ቀበቶ ግን ቢጫ ናቸው። ሌሎች ነፍሳት በሚደክሙበት የቀትር ፀሐይ ይበራል። ብዙ ጊዜ የሚኖረው ከመሬት ውስጥ ወይም ከግድግዳ ክፍተት ነው።

ቬስፓ ክራብሮ የአውሮፓው ነው። ሠራተኛው ከ18 እስከ 25 ሚሊሜትር፣ ንግሥቲቱ እስከ 35 ትደርሳለች። ደረቱ ቀይ ቡናማ፣ ቢጫ ሆዱ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ነው። ሌሊት ስለሚበር መብራት ወዳለበት መስኮት ይመጣል።

ቬስፓ ቬሉቲና ጠቆር ያለ ሲሆን የእግሮቹ ጫፍ ደማቅ ቢጫ፣ ወደ ሆዱ ጫፍ ያለው አንድ ሰፊ ቀለበት ብርቱካናማ ነው። የመጣው ከእስያ ሲሆን በ2004 ፈረንሳይ ውስጥ ከታየ ወዲህ በምዕራብ አውሮፓ ተስፋፍቷል። በንብ ቀፎ ፊት በአየር ላይ ቆሞ የሚያደባ ተርብ ካዩ ይህን ይጠርጥሩ።

ቬስፓ ማንዳሪኒያ ከሁሉም ይገዝፋል፤ ንግሥቲቱ 45 ሚሊሜትር ልታልፍ ትችላለች። ሰፊ ብርቱካናማ ጭንቅላት፣ ጥቁር ደረትና ባለ መስመር ሆድ አለው። አገሩ እስያ ነው። በ2019 በካናዳና በአሜሪካ ታይቶ ነበር፤ በታኅሣሥ 2024 የአሜሪካ ባለሥልጣናት ከአገራቸው መጥፋቱን አስታውቀዋል። ከእስያ ውጭ ለሚኖር ሰው ያየው ተርብ እሱ የመሆኑ ዕድል በጣም ጠባብ ነው።

5. ከለዩት በኋላ

ብቸኛውን ተርብ ይተዉት። ቤት ውስጥ ከገባ መስኮቱን ከፍተው መብራቱን ያጥፉ። የመንጋ ጎጆ ሰው ከሚመላለስበት ራቅ ካለ እሱንም መተው ይቻላል፤ በር ወይም የልጆች መጫወቻ አጠገብ ከሆነ ባለሙያ ይጥሩ። ግድግዳ ውስጥ የገቡበትን ቀዳዳ በጭራሽ አይድፈኑ፤ ሌላ መውጫ ሲፈልጉ ወደ ክፍሉ በስተው ሊገቡ ይችላሉ። በቤንዚንና በእሳት ማጥፋትም ቤቱን እስከ ማቃጠል ያደርሳል።

ተርብ እንደ ማር ንብ መንደፊያውን ቆዳ ውስጥ ጥሎ ስለማይሄድ ደጋግሞ ሊነድፍ ይችላል። የተነደፈ ሰው መተንፈስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ መላ ሰውነቱ ሽፍ ካለበት ወይም ራሱን ካዞረው ሳይዘገዩ ድንገተኛ ሕክምና ያድርሱት። አፉ ወይም ጉሮሮው ውስጥ ለተነደፈ፣ ወይም በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ ለተነደፈ ሰውም እንዲሁ ነው።

ቬስፓ ቬሉቲና ወይም ማንዳሪኒያ በአካባቢዎ እንግዳ ከሆነና ያዩት እሱ መሆኑን ከጠረጠሩ፣ ፎቶውን ከለኩት ርዝመት፣ ከታየበት ቦታና ቀን እንዲሁም በርሮ ከሄደበት አቅጣጫ ጋር ለግብርና መሥሪያ ቤት ይላኩ። አቅጣጫው ጎጆውን ለመፈለግ ይረዳልና አይርሱት።