የበርካታ ኩባንያዎችን በጀትና ሂሳብ በአንድ ሶፍትዌር እንዴት ማቀድና ማጠቃለል ይቻላል?

አንድ ኩባንያ ብቻ ያለው ሰው በጀቱን በኤክሴል ይሠራል፣ ሂሳቡን ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ይዘጋል፣ ብዙም አይቸገርም። ጣጣው የሚመጣው ኩባንያዎቹ ሦስት አራት ሲሆኑ ነው። ሰኔ 30 ያልፋል። እያንዳንዱ ፋይናንስ ክፍል የየራሱን ፋይል በኢሜይል ይልካል። ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉ ሁለት ሰዎች ደግሞ ቁጥር ሲያገጣጥሙ ይከርማሉ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚባሉ ፋይሎች ይበዛሉ። ሥራ አስኪያጁ «በጠቅላላው አተረፍን ወይስ ከሰርን?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የሚደርሰው መወሰን የነበረበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን ሥራ የሚያቀሉ ሶፍትዌሮች አሉ። ነገር ግን ከሥራው ከባዱ ክፍል የሚያልቀው ሶፍትዌሩ ከመገዛቱ በፊት ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሂዱባቸው። እንዲገባን አንድ ምሳሌ ይዘን እንጓዝ። አዲስ አበባ ዙሪያ ብስኩት ፋብሪካ ያለው እናት ኩባንያ አለ እንበል። ከካርቶን ፋብሪካ 70 በመቶ ድርሻ አለው። ጅቡቲ ላይ ደግሞ ዕቃ የሚያስወጣለት የትራንዚት ድርጅት አቋቁሟል።

1. የትኛው ሶፍትዌር ምን እንደሚሠራ ለዩ

ኢአርፒ የሚባለው ሥርዓት የሆነውን ይመዘግባል። ደረሰኝ ወጣ፣ ዕቃ ገባ፣ ደመወዝ ተከፈለ። የዕቅድና የማጠቃለያ ሶፍትዌር ደግሞ ከዚያ በላይ ይቀመጣል። ከእያንዳንዱ ኩባንያ መዝገብ የወር መዝጊያውን ይወስዳል፣ ከበጀቱ ጋር ያስተያያል፣ የሁሉንም ድምር ያወጣል። አንዱ ሌላውን አይተካም። ኢአርፒ ገዝቶ «በጀቱ ለምን አሁንም በኤክሴል ነው?» የሚል ሥራ አስኪያጅ ብዙ ነው። ምክንያቱ ይኸው ነው።

በዚህ መስክ ስማቸው የገነነውን ለማወቅ 2007 እ.ኤ.አ. ጥሩ መነሻ ነው። በዚያ ዓመት ኦራክል ሃይፐርየንን በ3.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ኤስኤፒ አውትሉክሶፍትን ወሰደ። አይቢኤም ደግሞ ኮግኖስን ለመግዛት ተስማማ። ዛሬ ሦስቱ ከሚሸጧቸው የዕቅድ ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ መነሻቸው ያ ዘመን ነው። ከእነሱ ውጪ አናፕላንና ዋንስትሪም አሉ። ለሦስት ኩባንያ ግን ከእነዚህ ትልልቆቹ አንዱን መግዛት ግድ አይደለም። በኢአርፒው ውስጥ ያለው የማጠቃለያ ክፍል ሊበቃ ይችላል። ሻጩ የሚያሳየውን ማራኪ ሰንጠረዥ አይታችሁ አትወስኑ። የራሳችሁን የሦስት ወር ሂሳብ ስጡትና «ይህን አጠቃልለህ አሳየኝ» በሉት።

2. የሂሳብ መደቡን አንድ አድርጉ

የሂሳብ መደብ ማለት ለእያንዳንዱ የገቢ፣ የወጪ፣ የንብረትና የዕዳ ዓይነት የሚሰጠው የመለያ ቁጥር ነው። ጊዜያችሁን በብዛት እዚህ አፍስሱ። ብስኩት ፋብሪካው 6010 የሚለው ቁጥር ነዳጅ ነው። ካርቶን ፋብሪካው ዘንድ ያው 6010 የቢሮ ኪራይ ነው። ጅቡቲ ያለው ድርጅት ደግሞ ነዳጅንም ኪራይንም «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ ከቷቸዋል። ሶፍትዌር ይህን ሲደምር ውጤቱ ፈጣን ስህተት ነው።

ስለዚህ የሦስቱ ዋና ሂሳብ ሹሞች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ለግሩፑ፣ ማለትም ለሦስቱም ኩባንያዎች በጋራ፣ የሚሆን አንድ የሂሳብ መደብ ዝርዝር ያውጡ። በጣም አይብዛ። ዝርዝሩ በየኩባንያው መዝገብ ይቆይ፤ ላይኛው ላይ ለውሳኔ የሚጠቅመው ብቻ ይታይ። ከዚያ እያንዳንዱ የድሮ ቁጥር ወደ የትኛው አዲስ ቁጥር እንደሚሄድ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይሠራ። ሶፍትዌሩ በየወሩ የሚያነበው ይህን ሠንጠረዥ ነው። ማንም ሂሳብ ሠራተኛ አዲስ ቁጥር ከፍቶ ሠንጠረዡ ላይ ካላስመዘገበ፣ የወሩ መረጃ ወደ ሶፍትዌሩ መግባቱ እንዲቆምና ስህተቱን እንዲናገር አድርጉት። ቁጥሩን ዝም ብሎ «ሌሎች» ውስጥ የሚጥል አሠራር አትቀበሉ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው አትርሱ። ኩባንያዎቹ እርስ በርስ የሚገበያዩት የራሱ ቁጥር ይኑረው። ካርቶን ፋብሪካው ለብስኩት ፋብሪካው የሸጠው ለውጭ ደንበኛ ከሸጠው ተለይቶ ካልተመዘገበ፣ ደረጃ 6 ላይ ስትደርሱ ደረሰኝ በደረሰኝ ልትለቅሙት ነው።

3. ለእያንዳንዱ ቁጥር አድራሻ ስጡ

በእነዚህ ሶፍትዌሮች ውስጥ አንድ ቁጥር እንደ ሰው ቤት ሙሉ አድራሻ አለው። የማን ኩባንያ ነው? የትኛው ሂሳብ ነው? የየትኛው ወር ነው? በጀት ነው፣ ክለሳ ነው ወይስ ክንውን? በምን ገንዘብ ነው? ሪፖርት ማለት ከእነዚህ አድራሻዎች አንዱን ይዞ ሌላውን መቀያየር ነው። ምርት፣ ቅርንጫፍ ወይም የወጪ ማዕከል መጨመር ትችላላችሁ። በጨመራችሁ ቁጥር ግን ሰው የሚያስገባው መረጃ ይበዛል። «ይህን አይተን ምን እንወስናለን?» የሚለው መልስ ካላገኘ ተውት።

የዘመን አቆጣጠሩም እዚህ ይወሰናል። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ያልቃል። ጳጉሜን መካከል ላይ አለች። ሶፍትዌሮቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቁት 12 ወር ነው። ደመወዝም ኪራይም በወር ስለሚከፈል ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር መደመር ይቀላል። ብቻ ሦስቱም ኩባንያዎች አንድ ዓይነት ያድርጉ። ነሐሴ ላይ ሽያጭ ከፍ ብሎ ሲታይ ያ ወር 35 ወይም 36 ቀን እንዳለው የሚያስታውስ ማስታወሻም ሪፖርቱ ላይ ይኑር።

ጅቡቲ ያለው ድርጅት ሂሳቡን በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ዓመት፣ የሚዘጋ ከሆነስ? ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ አይኤፍአርኤስ 10 በእናትና በተቀጥላ ኩባንያ መዝጊያ ቀን መካከል ከሦስት ወር የበለጠ ልዩነት አይፈቅድም። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ሰኔ 30 ስድስት ወር ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ለማጠቃለያው ሲባል እስከ ሰኔ 30 ያለውን ሂሳብ ለብቻው ማዘጋጀት አለበት። ይህን ኦዲተር ሲመጣ ሳይሆን አሁን ተነጋገሩበት።

4. በጀቱን ከመነሻ ግምት ሥሩ

«ለደመወዝ 14 ሚሊዮን» ብሎ መጻፍ በጀት አይደለም። የደመወዝ በጀት እንዲህ ይሠራል። 120 ሠራተኛ፣ አማካይ ደመወዝ 9,000 ብር፣ 12 ወር። ይህ 12,960,000 ብር ነው። የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ሲጨመር 14,385,600 ብር ይሆናል። አሥር ሰው ልትቀጥሩ ከሆነ የምትለውጡት አንዱን ቁጥር ነው፤ የቀረውን ሶፍትዌሩ ያሰላዋል። የዱቄት ዋጋ፣ የማሽን ሰዓት፣ የነዳጅ ሊትር፣ የወለድ መጠን፣ ሁሉም እንዲሁ በአንድ ቦታ ይቀመጡ። የመነሻ ግምቶች ገጽ የሚባለው ይህ ነው።

የዚህ ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ያስተማረን ይመስለኛል። የ2017 የበጀት ዓመት ከተጀመረ ገና ሦስት ሳምንት ነበር። ብዙ መሥሪያ ቤት በጀቱን አጽድቆ ጨርሷል። በዚያ ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ 100 ብርን ተሻገረ። ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ፋብሪካ በጀት በአንድ ጀምበር ዋጋ አጣ። ምንዛሪውን በአንድ ቦታ ያስቀመጠ ሰው ያን ቁጥር ቀይሮ አዲሱን ወጪ፣ አዲሱን የመሸጫ ዋጋና የጥሬ ገንዘብ ፍላጎቱን በዚያው ቀን ማየት ይችላል። በየገጹ 57ን እያባዛ የጻፈ ሰው ግን በጀቱን እንደገና ከመጀመር ሌላ አማራጭ የለውም።

ስለዚህ ገና ስታቅዱ ቢያንስ ሦስት መልክ ሥሩ፤ የምትጠብቁትን፣ የከፋውን፣ የተሻለውን። የከፋው በእውነት የከፋ ይሁን። ምንዛሪው 5 በመቶ ይጨምራል የሚል «የከፋ» ግምት ማንንም አያዘጋጅም።

5. ማን ያስገባል፣ ማን ያጸድቃል

ሐምሌ 1 ለሚጀምር ዓመት ሥራው መጋቢት ላይ ቢጀመር መልካም ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት መነሻ ግምቶቹን ያወጣል። ክፍሎች ቁጥራቸውን ያስገባሉ። የየኩባንያው ኃላፊ አይቶ ይልካል። ከተላከ በኋላ ይቆለፋል። ለማስተካከል የሚፈልግ ሰው ማስከፈት አለበት፤ ማን መቼ ምን እንደቀየረም ተመዝግቦ ይቀራል። የእያንዳንዱን ሰው ደመወዝ ማየት የሚችለው ማን እንደሆነ ደግሞ በጽሑፍ ይወሰን።

እዚህ ላይ አንድ አጉል ልማድ አለ። «ይቆረጣል» ተብሎ ተጨማምሮ ይጠየቃል። ሰኔ ላይ ደግሞ «በጀቱ ይቃጠላል» ተብሎ አላስፈላጊ ዕቃ ይገዛል። ሶፍትዌሩ ይህን በራሱ አያስቆምም። ጥያቄው ሁሉ ብዛት ሲባዛ በዋጋ ሆኖ ከቀረበ ግን ማጋነን የሚሸሸግበት ቦታ ያጥረዋል።

6. ሂሳቡን አጠቃልሉ

ማጠቃለል መደመር ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ የካርቶን ፋብሪካው ነገር። ድርሻችሁ 70 በመቶ ነው ብላችሁ የሽያጩን 70 በመቶ አትውሰዱ። ፋብሪካውን የምትቆጣጠሩት እናንተ እስከሆናችሁ ድረስ ሽያጩም ንብረቱም ዕዳውም 100 በመቶ ይገባል። ከዚያ የሌሎቹ ባለድርሻዎች 30 በመቶ ከትርፉም ከካፒታሉም ላይ ለብቻው ይታያል።

ቀጥሎ የእርስ በርስ ሂሳብ ይወጣል። ካርቶን ፋብሪካው በዓመቱ ለብስኩት ፋብሪካው የ10 ሚሊዮን ብር ካርቶን ሸጠ እንበል። ለማምረት 8 ሚሊዮን አውጥቷል። ሰኔ 30 ላይ ከካርቶኑ ሩብ ያህሉ ገና ብስኩት ፋብሪካው መጋዘን ውስጥ ነው። ግሩፑን እንደ አንድ ቤት ስታዩት ያ ሩብ ለማንም አልተሸጠም። መጋዘን ውስጥ በ2.5 ሚሊዮን ተመዝግቧል፤ የወጣበት ግን 2 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ከሽያጭ 10 ሚሊዮን ይቀነሳል፣ ከሽያጭ ወጪ 9.5 ሚሊዮን ይቀነሳል፣ መጋዘኑም ትርፉም በ500,000 ብር ይወርዳል። ይህን ደንብ አንድ ጊዜ በትክክል ካስገባችሁት ሶፍትዌሩ በየወሩ ይሠራዋል።

የሚፈላለጉት ሂሳብም መመሳከር አለበት። ካርቶን ፋብሪካው «2,300,000 ብር አለኝ» ይላል። ብስኩት ፋብሪካው «ያለብኝ 2,000,000 ነው» ይላል። ሶፍትዌሩ 300,000 ልዩነት ብሎ በቀይ ያወጣዋል። ልዩነቱን በደንብ እዩት። የ2,000,000 15 በመቶ ነው። አንዱ ወገን ቫቱን አልመዘገበም ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰኔ 29 የተጫነ ዕቃ ሐምሌ 2 ደርሶ ይሆናል። ይህን በየወሩ የሚያጸዳ ግሩፕ ሐምሌ ላይ እንቅልፉን ይተኛል። ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመ ግን ምክንያቱን የሚያስታውስ ሰው እንኳ ላያገኝ ይችላል።

የቀረው ምንዛሪ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተተከለ ነው፤ ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው የብሩ ወገን ነው። ንብረትና ዕዳ በመዝጊያው ቀን ምንዛሪ ይቀየራሉ። ገቢና ወጪ በግብይቱ ቀን ምንዛሪ ይቀየራሉ፤ አማካይ መጠቀምም ይቻላል። ምንዛሪው በኃይል በተወዛወዘበት ጊዜ ግን የዓመቱ አማካይ አያስኬድም። የየወሩን አማካይ፣ ዝላዩ በነበረበት ወር ደግሞ ከዝላዩ በፊትና በኋላ ያለውን ለይታችሁ አስገቡ። የሚፈጠረው ልዩነት የዓመቱ ትርፍ ውስጥ አይገባም። ካፒታሉ ሥር በራሱ መስመር ይቀመጣል። ዝላይ ባለበት ዓመት ይህን ትርፍ ውስጥ የከተተ ግሩፕ ያልሠራውን ትርፍ ያወጃል።

7. ለጥቂት ወራት ጎን ለጎን አስኪዱ

አዲሱን ሥርዓት በዓመቱ መዝጊያ አትጀምሩ። ቢያንስ አንድ ሩብ ዓመት በአሮጌውም በአዲሱም አስኪዱ። ውጤታቸው ካልገጠመ ልዩነቱን እስከ ምንጩ ተከታተሉት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው አሮጌው ኤክሴል ውስጥ ነው፣ ተሳስቶ የተገለበጠ ቀመር። ሲገጥም የድሮውን ፋይል ለማንበብ ብቻ ክፍት አድርጋችሁ ቆልፉት። ካልቆለፋችሁት ሰዉ ወደዚያው ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ አጭር ስብሰባ ይኑራችሁ። ሁሉንም መስመር አታንብቡ። ከበጀቱ ለምሳሌ ከ10 በመቶ በላይ የራቀውን ብቻ አውጡ። ማብራሪያውን የሚሰጠው ወጪውን ያወጣው ክፍል ኃላፊ ይሁን እንጂ ሂሳብ ሹሙ አይሁን። የሰጠውን ምክንያት ከቁጥሩ ጎን ሶፍትዌሩ ላይ ጻፉት። በሚቀጥለው መጋቢት በጀት ስትጀምሩ መጀመሪያ የምትከፍቱት ያንን ገጽ ነው።