ከአሮጌ ጋቢ የተሰፋ የወንድ ጃኬት ትከሻው እንዳይረግብ

ከአሮጌ ጋቢ የተሰፋ የወንድ ጃኬት ያምራል፤ ችግሩ ጥቂት ከተለበሰ በኋላ ትከሻው መርገቡ፣ ስፌቱም መተርተሩ ነው። ምክንያቱ ያለው ከሽመናው ላይ ነው። የጋቢ ድር (በቁመት የሚዘረጋው) ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ሲሆን ማጉ (በአግድም የሚገባው) በእጅ የተፈተለ፣ ወፈር ያለና ልል ነው። ስለዚህ በማጉ በኩል ይለጠጣል፤ ሲቆረጥም ጫፉ ይበተናል።

መፍትሔው ከመቀሱ በፊት ይጀምራል። ጋቢውን በሙቅ ውኃ አጠብሁት፤ የሚያጥር ከሆነ አስቀድሞ ይጠር ብዬ። ከአራቱ ንብርብር ሁለቱን ብቻ ወሰድሁ፤ አራቱም ከተሰፉ የሚለበሰው ጃኬት ሳይሆን ፍራሽ ነው። ድሩ ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ አድርጌ ልኩን በጠመኔ አሰመርሁ። ከመስመሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ገብቼ በደቃቅ ስፌት ዙሪያውን ከሰፋሁ በኋላ ቆረጥሁ፤ ክሩ አልተበተነም። ትከሻው ላይ ደግሞ ከውስጥ በኩል ጠባብ የጥጥ ጥብጣብ አብሬ ሰፋሁ፤ መርገቡ በዚህ ቆመ።

ጥለቱን ለኪስ አፍና ለአንገትጌ አዋልሁት። ጥቅጥቅ ብሎ ስለተሸመነ ኪሱ እንዳይንቦረቀቅ ይይዘዋል፤ ለጌጥ ብቻ ደረት ላይ መለጠፉ አይጥመኝም። ገበሩም ቀድሞ የታጠበ ስስ ጥጥ ይሁን። ያልታጠበ ከሆነ በኋላ ብቻውን ያጥርና እጅጌው ይሸበሸባል።