«ሐኪሙን ልክሰሰው?» የጥርስ ሕክምና ስህተት ሲደርስብን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ማደንዘዣው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይለቃል ተብዬ ወደ ቤት ገባሁ። መሸ፣ አልለቀቀኝም። ነጋ፣ አልለቀቀኝም። በሳምንቱ ውሃ ስጠጣ በከንፈሬ ጥግ ይፈስ ነበር፤ እኔ የማውቀው ግን ሸሚዜ ሲርስ ነው። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋዬ ሲነቀል ነርቭ ተነክቷል።

«ክሰሰው!» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። «ተወው፣ ምን ታመጣለህ» ያሉኝም አሉ። ሐኪሙ ማድረግ ሲገባው ያላደረገው ምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ውሳኔው ያለው እዚያ ላይ ነው።

መጥፎ ውጤትን ሁሉ ጥፋት ማድረግ

ጥርስ ከተነቀለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እስከ ጆሮ የሚወጋ ሕመም ሊነሳ ይችላል። የረጋው ደም ከጉድጓዱ ወጥቶ አጥንቱ ሲገለጥ የሚመጣ ነው። ጠንቃቃ ሐኪም ጋም ይደርሳል፤ የሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ ይበዛል። ሩት ካናል፣ ማለትም የጥርስን ሥር ውስጡን አጽድቶ መሙላት፣ የሚሠራበት ቀጭን መሣሪያም እንዲሁ ነው። የጥርሱ ሥር ጠማማ ከሆነ ጫፉ ውስጥ ሊሰበር ይችላል። መሰበሩ ብቻውን ጥፋት አይባልም። ተሰብሮ እያለ ለታካሚው ሳይነግሩ ሞልቶ መሸኘት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጤነኛ ጥርስ ሲነቀልስ? ለዚህ ሰበብ ማግኘት ይከብዳል። አንዳንዴ መነሻው ቁጥር ነው። በብዙ አገሮች በሚሠራበት አቆጣጠር 18 ማለት የላይኛው ቀኝ የመጨረሻ መንጋጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ በተለመደው አቆጣጠር ግን 18 የታችኛው ግራ ሁለተኛ መንጋጋ ነው። የላከው ሐኪም በአንዱ ጽፎ፣ የሚነቅለው በሌላው ካነበበ ያለቀለት ነው። እንዲህ ከደረሰባችሁ የላኪውንም የነቃዩንም ወረቀት ያዙ።

የእኔ ጉዳይ መሀል ላይ ነበር። የነርቭ ጉዳት የታወቀ አደጋ ነው። ጥያቄው ከመነቀሉ በፊት ራጅ ተነስቶ ሥሩ ለነርቩ ምን ያህል እንደሚቀርብ ታይቷል ወይ፣ ለእኔስ ተነግሮኛል ወይ የሚለው ነው። አደጋው የፈረምኩት ወረቀት ላይ ተጽፏል። እኔ ሳላነበው ነው የፈረምኩት። ሆኖም ፈርማችኋል ተብሎ ተስፋ አትቁረጡ። ፊርማ አደጋው እንደተነገራችሁ ሊያሳይ ይችላል እንጂ ለግዴለሽነት ፈቃድ አይሆንም።

ሌላም አለ። ጥፋቱ ቢረጋገጥ እንኳ ጉዳቱ ከዚያ ጥፋት መምጣቱ መታየት አለበት። ድሮም መነቀሉ ለማይቀር ጥርስ ብዙ ካሳ አይጠበቅም። ይህን የሚያስረዳላችሁ ደግሞ ሌላ የጥርስ ሐኪም ነው። ያለ ባለሙያ አስተያየት ክሱ እምብዛም አይቆምም፤ ባለሙያው ደግሞ ያስከፍላል። ጉዳቱ እንደገና በማስሞላት የሚስተካከል ከሆነ ወጪው ከካሳው ሊበልጥ ይችላል። ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ።

ማስረጃ ሳይዙ ማሳከም፣ ወይም ለማስረጃ ሲሉ አለመታከም

ሁለቱም ይጎዳሉ። ሌላ ሐኪም ጥርሱን ካስተካከለው በኋላ የቀድሞው ሥራ ምን ይመስል እንደነበር ማሳየት ይከብዳል። በሌላ በኩል መግል የያዘ ጥርስ ለፍርድ ቤት ተብሎ አይቀመጥም፤ ጉዳቱን ያባባስከው አንተ ነህ ሊባልም ይችላል። መጀመሪያ ራጅና ፎቶ ተነሱ፣ ከዚያ ቶሎ ታከሙ። የነርቭ ጉዳት በተለይ ጊዜ አይሰጥም። መዳን ቢቻል እንኳ ወራት ባለፉ ቁጥር የቀዶ ጥገና ውጤቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሁለተኛዋ ሐኪሜ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ዓይኔን አስጨፍና በጥጥ ጫፍ ከንፈሬንና አገጬን ነካካች። «እዚህ ይሰማሃል? እዚህስ?» መሰማት የጀመረበትን ቦታ በእስክሪብቶ እያሰመረች ዞረችው። ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፋ አጠገቡ አስያዘችኝና ፎቶ አነሳችው። በየወሩ ይህንኑ ደገምን። ስንት ገጽ ከምጽፈው አቤቱታ ያቺ መስመር የበለጠ ተናገረች።

የሕክምና መዝገቡን ሳይጠይቁ መጣላት

ጮሆ የወጣ ሰው ተመልሶ ኮፒ መጠየቅ ያፍራል። በጽሑፍ፣ በሰላም ጠይቁ። ካርዱን፣ የፈረማችሁትን ወረቀት፣ ራጁን። በተለይ ከሕክምናው በፊት የተነሳውን ራጅ፣ በዋናው ፋይል። በስልክ ከስክሪን ላይ የተነሳ ፎቶ ብዙ አያሳይም። የክሊኒኩን ስም ፌስቡክ ላይ መለጠፉንም ተዉት። ስም ማጥፋት ተብሎ ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል።

«እየተነጋገርን ነው» እያሉ ይርጋ ማሳለፍ

ለክስ የተወሰነ ጊዜ አለ፤ ርዝመቱ ከአገር አገር ይለያያል። አንዳንዱ ጋ ከሕክምናው ቀን ይቆጠራል፣ ሌላው ጋ ጉዳቱን ካወቃችሁበት ቀን። ክሊኒኩ «እናየዋለን» እያለ ሲያመላልሳችሁ ቆጠራው ላይቆም ይችላል። ጠበቃ ጋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኼ ነው።

የማይሰጠውን ቦታ ሄዶ መጠየቅ

የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ሐኪሙን ሊቀጣ፣ ፈቃዱን ሊያግድ ይችላል። ካሳ መወሰን ግን አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ሥራ አይደለም። የፈለጋችሁት ይቅርታና የከፈላችሁት ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤት ረጅሙ መንገድ ነው። ከክሊኒኩ ጀምሩ።

እኔ እንዲሁ አደረግኩ። በአምስተኛው ወር የተሰመረው የደነዘዘ ቦታ ጠብቦ የአውራ ጣት ጥፍር አክሎ ነበር። ራጁም ተነስቶ፣ በወጉ ታይቶ ነበር። ክሱን ተውኩት።

ገንዘብ ሲመለስ ሳያነቡ መፈረም

ክሊኒኩ ያወጣሁትን ሊመልስልኝ ተስማማና አንድ ገጽ ወረቀት አቀረበልኝ። መጨረሻው አካባቢ «ወደፊት ለሚከሰት ማናቸውም ጉዳት» ክሊኒኩን እንደማልጠይቅ የሚል ሐረግ ነበረበት። ያን ጊዜ ከንፈሬ ገና አልዳነም። ወረቀቱን ጠበቃ ጋ ወሰድኩት፤ ሐረጓን ሰርዞ መለሰልኝ። ክሊኒኩም ተቀበለ። ያን ጊዜ ፈረምኩ።